ስም የሌለው ጥላ፦ «የኧርዝሲው ጠቢብ» በጅማ ክረምት ሲነበብ

ባለፈው ክረምት ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ጳጉሜን ድረስ ከእህቴ ልጅ ጋር አንድ መጽሐፍ ስናነብ ከረምን። ልጅቷ ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሳ ዐሥረኛን የምትጠብቅ፣ እንግሊዝኛ ብታነብም ገና የምትደነቃቀፍ ስለሆነች፣ እኔ አንድ አንቀጽ በእንግሊዝኛ አነብና ወዲያው በአማርኛ እመልሰዋለሁ፤ እሷ ደግሞ ያልገባትን ትጠይቃለች። መጽሐፉ አሜሪካዊቷ ደራሲ ኡርሱላ ለጊን እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተሙት፣ እኔ «የኧርዝሲው ጠቢብ» የምለው የወጣቶች ልብ ወለድ ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ ወዳጄ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ከተወልኝ ሁለት ካርቶን መጻሕፍት መካከል የተገኘ፣ ወረቀቱ ቢጫ የሆነ፣ በመጀመሪያ ገጾቹ ላይ ያለው የደሴቶች ካርታም በቀኝ በኩል የታችኛው ጥጉ የተቀደደ ቅጂ ነው። ለልጆች ብቻ የተጻፈ ተረት እየመሰለኝ ለዓመታት ሳልገልጠው ቆይቻለሁ። አሁን ግን ስለ ድፍረትና ስለ አደጋ ከተጻፉ የወጣቶች መጻሕፍት ሁሉ ለአማርኛ አንባቢ እጅግ የሚቀርበው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴም የሚጀምረው ከአንድ የራሳችን ቃል ነው።

«አስማት» የምንለው ቃል በግእዝ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው፤ በቀጥታ ሲፈታ «ስሞች» ማለት ነው። የአስማት ጸሎት የሚባሉት ጽሑፎች ኅቡእ ስሞችን እየደረደሩ የሚጸለይባቸው በመሆናቸው ቃሉ ቀስ በቀስ ወደ ምትሃትና ወደ ድግምት ትርጉም ተሻገረ። ለጊን የፈጠሩት ዓለም ከሥር እስከ ጫፍ የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። በኧርዝሲ፣ ማለትም እጅግ ብዙ ደሴቶች በተበተኑበት በዚያ የባሕር ዓለም፣ ድንጋዩም፣ ዓሣውም፣ ነፋሱም፣ ሰውም አንድ እውነተኛ ስም አለው፤ ያን ስም ያወቀ በባለስሙ ላይ ሥልጣን ያገኛል። ጠቢብ መሆን ማለት ስም ማወቅ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው እውነተኛ ስሙን ለባዳ አይናገርም፤ በአደባባይ የሚጠራበት ሌላ ስም ይኖረዋል፣ እውነተኛውን የሚያውቁት የሰየመውና እስከ ሞት የሚያምናቸው ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው። ደራሲዋ ግእዝ ያውቁ ነበር ማለቴ አይደለም። አባታቸው አልፍሬድ ክሮበር የካሊፎርኒያን ነባር ሕዝቦች ያጠኑ ታዋቂ የአንትሮፖሎጂ ምሁር ስለነበሩ የልዩ ልዩ ሕዝቦች ልማድ ባደጉበት ቤት እንግዳ አልነበረም ለማለት ግን ይቻላል።

ይህን ሐሳብ ለእህቴ ልጅ ለማስረዳት አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። እሷ ራሷ በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ የወጣላት የክርስትና ስም አላት፤ ስሙን እናቷ፣ የክርስትና እናቷና የነፍስ አባቷ ያውቁታል፣ እኔ ግን አጎቷ ሆኜ ሳለሁ አላውቀውም። ለምን እንደማይነገር ስትጠይቅ አያቷ የሰጧት መልስ አጭር ነበር፦ መተት የሚሠራው በክርስትና ስም ነው። ዛሬ ያን ማመን አለማመን የየራሳችን ጉዳይ ነው፤ ልማዱ ግን ከነሥጋቱ በቤታችን አለ። ጅማ ላይ ደግሞ የስም ነገር ሌላም ገጽ አለው። ከከተማው ወጣ ብሎ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት የሁለተኛው አባ ጅፋር ነው ስንል፣ የምንጠራው የፈረስ ስማቸውን ነው፤ አጼ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ አጼ ምኒልክን አባ ዳኘው እንደምንለው ማለት ነው። ሰው የሚወለድበት፣ የሚጠመቅበት፣ የሚፈራበትና የሚዘፈንለት ስም የተለያየ መሆኑን በልጅነቱ የሰማ አንባቢ፣ የዚህን መጽሐፍ ሕግ እንደ እንግዳ ደንብ አይቀበለውም፤ አውቀዋለሁ ብሎ ይቀመጣል እንጂ።

ታሪኩ የሚጀምረው ጎንት በምትባል ተራራማ ደሴት፣ ዐሥር ቤት በማይሞላ በሚመስል መንደር ውስጥ ነው። ልጁ እናቱ ገና ዓመት ሳይሞላው የሞተችበት፣ አባቱ የነሐስ ቀጥቃጭ የሆነ፣ ፍየል ጠባቂ ነው። አክስቱ የመንደር ባለመድኃኒት ናት፤ አንድ ቀን ፍየሎቹን ስትጠራ የሰማውን ቃል ትርጉሙን ሳያውቅ ቢደግመው መንጋው ሁሉ ከቦት፣ ተጠጋግቶና ተጣብቆበት፣ ልጁ በፍርሃት እያለቀሰ ቢሮጥም አልለቀቀውም። ይህች ትንሽ ትዕይንት በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ናት፣ የመጽሐፉንም ነገር በሙሉ ይዛለች፦ ቃሉን መጥራት ይቻላል፣ የመጣውን መመለስ ግን ሌላ ዕውቀት ነው። አባቱ ቀጥቃጭ፣ አክስቱ ባለመድኃኒት መሆናቸውን ሳነብ ቆም ማለቴ አልቀረም። በእኛ አገር ብረት ቀጥቃጭን በቡዳነት የማማት፣ ልጁንም የማግለል ክፉ ልማድ ስላለ፣ ጀግናው ከዚያ ቤት መውጣቱ በተለየ ልብ ነካኝ።

ልጁ ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው ካርጎች የሚባሉ ወራሪዎች ደሴቲቱን ይወጋሉ። መንደርተኛው መሣሪያ የለውም፤ ልጁ ግን ከአንድ ባለሙያ የቃረመው የጉም አሠራር ትዝ ይለውና ጭጋጉን ሰብስቦ መንደሩን ይሸፍነዋል። ጠላት መንገድ ይጠፋበታል፣ ከፊሉም ጉሙን ተከትሎ ገደል ይገባል። ጅማ ላይ በነሐሴ ማለዳ ከቤት የወጣ ሰው ይህን ምዕራፍ በቆዳው ያነበዋል፤ የጎረቤት አጥር የማይታይበት፣ ባጃጁ መብራቱን አብርቶ የሚዳክርበት፣ የሰው ድምፅ ከየት እንደመጣ የማይለይበት ጠዋት አለን። እህቴ ልጅ ያን ምዕራፍ በጨረስን ማግስት ጠዋት በር ከፍታ፣ «ጋሼ፣ ጅሬን የለም» አለችኝ። ኮረብታው በሙሉ ተሸፍኖ ነበር።

ከዚያ በኋላ ኦጊዮን የሚባሉ ዝምተኛ ጠቢብ ይመጣሉ። ልጁን በዐሥራ ሦስተኛ ዓመት ልደቱ ቀዝቃዛ ወንዝ አሻግረው፣ ክንዱን ይዘው፣ «ጌድ» የሚለውን እውነተኛ ስሙን በጆሮው ያንሾካሹኩለታል፤ ለአደባባይ የሚጠራበት ስሙ ግን ጭልፊት ነው። እዚህ ላይ የተርጓሚን ችግር ማንሳት እወዳለሁ። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ «አንተ» ነው ያለው፤ እኔ ግን ኦጊዮንን ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «እርስዎ» ብዬ ጠራሁ፣ ጌድም እንዲሁ እንዲጠራቸው አደረግሁ። ይህን ሳደርግ የልጁ ትዕቢት ከእንግሊዝኛው ይልቅ ጎልቶ ወጣ፤ በአፉ «እርስዎ» እያለ በልቡ የሚንቅ ተማሪ ሆነ። ኦጊዮን ዝናብ ሲመጣ አያባርሩም፤ ዛፍ ሥር ተጠልለው ይተኛሉ። ልጁ ትምህርቱ መቼ እንደሚጀመር ሲጠይቅ መጀመሩን ይነግሩታል። በመንገድ ዳር ያለችን አንዲት ተራ ቅጠል አሳይተውት ጥቅሟ ምንድን ነው ቢል፣ ሥሯን፣ አበባዋን፣ ዘሯን፣ በየወቅቱ መልኳን ሳያውቅ ስለ ጥቅም መጠየቁን ይገሥጹታል። ይህ ለጅማ ሰው ሊገባ የሚገባው ትምህርት ነው። ቡናን በሲኒ ብቻ የሚያውቅ ሰውና፣ ችግኙ በጥላ ዛፍ ሥር ሲያድግ፣ አበባው ዝናብ ሲነካው ነጭ ሆኖ ሲፈነዳ፣ ፍሬው ሲቀላ፣ በአልጋ ላይ ሲሰጣ ያየ ሰው አንድ ዓይነት ዕውቀት የላቸውም። ጌድ ግን ሲኒውን ብቻ ፈለገ። ኦጊዮን በሌሉበት መጽሐፋቸውን ከፍቶ የሙታንን መጥሪያ አነበበ፤ በበሩ ጀርባም አንድ ጥቁር ነገር ተንቀሳቀሰ።

ጌድ ቸኩሎ ወደ ሮክ ደሴት፣ ወደ ጠቢባን ትምህርት ቤት ይሄዳል። ዘጠኝ ሊቃውንት የሚያስተምሩበት ይህ ቤት ዛሬ በብዙ የወጣት መጻሕፍት ከምናገኘው የአስማት ትምህርት ቤት ቀደም ያለ ነው፤ ግን ጫወታ የለበትም። ከሁሉ ያስደነቀኝ የስም መምህሩ ግንብ ነው፤ ተማሪዎቹ ከዓለም ተለይተው፣ ረጃጅም የስም ዝርዝር እየተሰጣቸው፣ ቀለሙ እኩለ ሌሊት ላይ ከብራናው ከመጥፋቱ በፊት በቃላቸው ይይዛሉ። ይህን ሳነብ የቆሎ ተማሪዎች ዳዊት ሲደግሙ፣ የቁርኣን ተማሪዎችም ሎሃቸውን አጥበው ሌላ ምዕራፍ ሲጽፉበት በዓይኔ መጣ። ሎሁ ሲታጠብ ቃሉ በልብ ይቀራል፤ የሮክ ተማሪም የሚማረው እንደዚሁ ነው። ምዕራፉ በእንግሊዝኛው አንባቢ ዘንድ ደረቅ ሊመስል ይችላል፣ ለእኛ ግን የሰፈራችን ድምፅ አለበት።

በዚያ ትምህርት ቤት ጃስፐር የሚባል፣ ለዘብ ባለ ንግግሩ ውስጥ ንቀት የሚደብቅ ተማሪ አለ። ጌድ ያን ንቀት መሸከም አቃተው። በዐሥራ አምስት ዓመቱ፣ ያለውን ኃይል ለማሳየት ብሎ፣ ከሺህ ዓመት በፊት የሞተችን ሴት መንፈስ በሌሊት ኮረብታ ላይ ይጠራል። ትመጣለችም። ግን በተቀደደው ክፍተት በኩል ፊት የሌለው፣ ጥቁር፣ ጥፍራም ነገር አብሮ ይገባና ፊቱን ይቧጥጠዋል። ሊቀ ጠበብቱ ኔመርሌ ክፍተቱን ለመዝጋት ኃይላቸውን በሙሉ አፍስሰው ሳይነጋ ይሞታሉ። ለጊን ይህን ትዕይንት ሲጽፉ አንድም ማጋነኛ ቃል አይጠቀሙም፤ ሽማግሌው ይሠራሉ፣ ይደክማሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይሞታሉ። ልጁ ከሞት ይተርፋል፣ ጠባሳው ግን ከፊቱ አይጠፋም፤ ከዚያ ሌሊት በኋላ የሚናገረው ሲያንስ፣ የሚያመነታው ሲበዛ እናያለን። ለወጣት የሚጻፉ ብዙ መጻሕፍት ጀግናቸው ሲያጠፋ ቅጣቱን በሌላ ሰው ላይ ያሳርፉታል ወይም በሚቀጥለው ምዕራፍ ይረሱታል። እዚህ ግን ስሕተቱ የመጽሐፉ ርእስ ሆኖ እስከ መጨረሻው ገጽ ይሄዳል። እኔ በዚህ መጽሐፍ ላይ ያለኝ አክብሮት ከዚህ ይጀምራል።

አንድ ማታ ይህን ክፍል እያነበብን ሳለ መብራት ጠፋ። በቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ድምፄን ስለዋጠው ቀድሞውኑ ጮክ ብዬ ነበር የማነበው። እህቴ ልጅ ሻማ ለኩሳ ጠረጴዛው ላይ አቆመችና፣ ጥቂት ገጾች ወደ ኋላ ተመልሳ፣ መምህሩ ለጌድ የነገሩትን ነገር አስታወሰችኝ፤ ብርሃን ያበራ ሰው በዚያው ጥላም ማሳረፉን፣ አንዲት ጠጠር እንኳ ብትለወጥ የዓለም ሚዛን መነካቱን። ከዚያም ዝም ብላ ግድግዳውን ተመለከተች። የጭንቅላቷ ጥላ እስከ ጣሪያው ደርሶ ነበር፣ ነበልባሉ በተነቃነቀ ቁጥርም ይጎነበሳል። ሻማዋን ወደ ራሷ ስባ ጥላዋን ልታሳንሰው ሞከረች፤ ይበልጥ ገዘፈ።

የአደጋው አጨማመር በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ልዩ ጥበብ አለው። ጌድን የሚያሳድደው ፍጡር መጀመሪያ ቅርጽ የለውም፤ ቀስ በቀስ ግን ከእርሱ ኃይል እየጠጣ ሰው መምሰል ይጀምራል። አዲሱ ሊቀ ጠበብት ስም የለውም ይላሉ፤ ስም የሌለውን ደግሞ ማንም ሊያዝዘው አይችልም። እኛ «ስም አይጠሬ» የምንለው ዓይነት ፍርሃት ነው፤ ስሙ ስላልተጠራ የሚያድግ። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን ጌድ በሰሜን ኦስኪል በምትባል ደሴት በበረዶ ሜዳ ላይ ከአንድ መንገድ መሪ ጋር ሲጓዝ፣ ሰውየው ድንገት ዞሮ በእውነተኛ ስሙ ሲጠራው ነው። ጌድ በዚያ ቅጽበት ኃይሉ ሁሉ ይከዳዋል። ጠላቱ ስሙን ያውቃል፣ እሱ የጠላቱን አያውቅም። የኋላ ታሪኩን ሳይናገሩ የዚህን አንድ ቃል ድንጋጤ ማስረዳት አይቻልም፤ ለዚህ ነው መጽሐፉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ ብሎ የሚነበበው።

በአማርኛ ስመልሰው ያጋጠመኝ ሌላ ነገር እዚሁ ላይ ነው። እንግሊዝኛው ጥላውን ለግዑዝ በሚሆን ተውላጠ ስም ይጠራዋል፤ አማርኛ ግን ግዑዙንም ቢሆን ወይ «እሱ» ወይ «እሷ» ሳይል አያልፍም። እኔም ሳላስብበት «እሱ መጣ፣ እሱ ተከተለው» ማለት ጀመርኩ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ልጅቷ አቋረጠችኝና፣ «ጋሼ፣ እሱ ሲሉ እኮ አንድ የምናውቀው ሰው ይመስለኛል» አለች። መልስ አልሰጠኋትም፤ መጽሐፉን አስቀድሜ ጨርሼ ስለነበር መስጠትም አልቻልኩም። «ጥላ» የሚለው ቃላችንም ብቻውን ብዙ ይሸከማል። ከፀሐይ የሚያስጠልለውም ጥላ ነው፣ ሰው የሚከበርበት ግርማም ጥላ ነው፤ ጥላው የከበደ ሰው እንላለን፣ ግርማ ያጣውን ደግሞ ጥላ ቢስ እንለዋለን። በክታብ ላይ ከዛርና ከቡዳ ጋር ስሙ የሚጻፈው ጥላ ወጊም አለ፤ የሰውን ጥላ የወጋ ሰውየውን ይጎዳል ከሚል እምነት የመጣ። እንግዲህ ከጥላው የሚሸሽ ልጅ ታሪክ በአማርኛ ሲነገር፣ ጥላውን ቢያጣ ምን ሆኖ ይቀራል የሚለው ጥያቄ ራሱ ቋንቋው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀናል። የመጨረሻውን ምዕራፍ አልናገርም፤ ይህን ጥያቄ ይዞ የሚገባ አንባቢ ግን ባዶ እጁን አይወጣም።

ድፍረትን በተመለከተ መጽሐፉ ሁለት ዓይነት ያሳየናል፣ ልዩነታቸውም ሆን ተብሎ የተቀመጠ ነው። ጌድ ትምህርቱን ጨርሶ ዓሣ አጥማጆች በሚኖሩባቸው ትንንሽ ደሴቶች ሲመደብ፣ የወዳጁ የጀልባ ሠሪው የፔችቫሪ ትንሽ ልጅ በትኩሳት ይታመማል። ጌድ የሚሞትን ነፍስ መከተል እንደሌለበት ተምሯል፤ ግን የእናቲቱን ፊት አይቶ እምቢ ማለት አልቻለም፣ እስከ ሙታን አገር ድንበር ድረስ ሕፃኑን ተከትሎ ይሄዳል። ልጁን አያመጣውም። እሱ ራሱ የተመለሰው፣ ሁልጊዜ ትከሻው ላይ የምትቀመጥ አንዲት ትንሽ እንስሳ ሬሳ የመሰለ ፊቱን በምላሷ ስትልሰው ነው። ከዚያ በኋላ ደሴተኞቹን ጥሎ እንዳይሄድ፣ ሥጋታቸው የሆነውን ዘንዶ ለመግጠም ብቻውን በጀልባ ፔንዶር ወደምትባል ደሴት ይቀዝፋል። በቅድሚያ ከትንንሾቹ ዘንዶዎች ጋር ይዋጋል፤ ትልቁ ሲነሳ ግን ግንብ የመሰለው ነገር ራሱ ዘንዶው ሆኖ ይገኛል። ጌድ ሮክ ላይ ካነበበው አሮጌ ታሪክ ገምቶ «ዬቮድ» ብሎ ይጠራዋል፤ ግምቱ ልክ ነበር።

እዚህ ላይ መጽሐፉ ከፍ ካለ ቦታ ይደርሳል። ዘንዶው በስሙ ከተያዘ በኋላ ለጌድ አንድ ነገር ያቀርብለታል፤ የሚያሳድድህን የጥላውን ስም እነግርሃለሁ ይላል። ጌድ ከምንም በላይ የሚፈልገው ያንን ነው። ሕይወቱ በዚያ ስም ላይ ተንጠልጥሏል። ነገር ግን በዘንዶው ላይ ያለው ሥልጣን ለአንድ ጥያቄ ብቻ የሚበቃ ነው፣ እሱም ወደዚያ የመጣው ለዓሣ አጥማጆቹ ነው። ስለዚህ የራሱን ትቶ፣ ዘንዶውና ልጆቹ ወደ ሰው ደሴቶች እንዳይበሩ በስሙ አስምሎት ይመለሳል። አንድም የሚያጨበጭብለት የለም፣ መንደርተኛው የተወውን ነገር አያውቅም። እህቴ ልጅ ይህን ስታዳምጥ ተናደደች፤ «ሞኝ ነው፣ ሁለቱንም ቢጠይቅስ?» አለች። ረጅም ጊዜ ተከራከርን። እኔ ለወጣት ስለ ድፍረት ከተጻፈ ሁሉ ከዚህ የተሻለ ገጽ አላነበብኩም፤ ሰይፍ አልተመዘዘም፣ ግን አንድ ሰው የሚያድነውን ነገር በእጁ ይዞ ለቀቀው።

ሁለተኛው ድፍረት የሚመጣው ጌድ ተሰባብሮ፣ በጭልፊት መልክ እየበረረ፣ ወደ ጎንት ወደ ኦጊዮን ቤት ሲመለስ ነው። የራሱን ሰውነት ሊረሳ ደርሶ ነበር። ሽማግሌው ይለዩታል፣ ወደ ሰውነቱ ይመልሱታል፣ ከዚያም የሚያሳድድህን አሳድደው የሚል ምክር ይሰጡታል። ከዚህ በኋላ ሩጫው ይገለበጣል፤ ሲሸሽ የነበረው ይከተላል፣ ሲከተል የነበረው ይሸሻል። የአደጋው መጠን አልቀነሰም፣ ጌድም የተለየ ኃይል አላገኘም፤ ፊቱን ያዞረበት አቅጣጫ ብቻ ነው የተለወጠው።

ጉድለቶቹን ሳልናገር ባልፍ ለመጽሐፉም ለአንባቢውም ታማኝ አልሆንም። ትልቁ ጉድለት የሴቶች ነገር ነው። በሮክ ትምህርት ቤት አንዲት ሴት ተማሪ የለችም፤ የሴት አስማት ደካማና ክፉ ነው የሚል አባባልም በጎንት ሰዎች አፍ ይነገራል። ሴቶች ሲመጡ ወይ አታላይ ናቸው፣ ወይም እንደ ያሮ፣ የጌድ ጓደኛ እህት፣ ብልህና ደግ ሆነው ከቤት ደጃፍ አያልፉም። የአባባሉን ምዕራፍ ሳነብ ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና ደራሲዋ ሴት መሆናቸውን አረጋገጠች። እውነት ነው፣ ለጊን ይህን ጉድለት በኋላ ራሳቸው አምነው ተመልሰውበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት አራተኛው የኧርዝሲ መጽሐፍ «ቴሃኑ» ያንኑ ዓለም ከሴቶችና አቅም ከሌላቸው ሰዎች ወገን ሆኖ ያየዋል። ያም ቢሆን ይህን መጽሐፍ ለልጃገረድ የሚሰጥ ሰው አብሮ ቢነጋገርበት ይሻላል። ሌላው ነገር አተራረኩ ነው፤ ንግግር ጥቂት ነው፣ ሳቅ ከዚያም ያነሰ ነው፣ ከመካከል በኋላ ያለው የባሕር ጉዞ የደሴት ስም ከስም እየደራረበ ጥቂት ገጾች ላይ ያደክማል። ጃስፐርም ከዚያ ሌሊት በኋላ ከታሪኩ በቶሎ ይወጣል፤ እኔ ግን የእሱን ፊት አንድ ጊዜ እንደገና ማየት ፈልጌ ነበር።

ስለ መልክም አንድ ነገር ልጨምር። ጌድ በእኛ አነጋገር ቀይ ዳማ ነው፣ ጓደኛው ቬች ጥቁር ነው፣ የኧርዝሲ ሕዝብ አብዛኛው እንደዚያው ነው፤ ነጭና ባለ ቢጫ ጸጉር የሆኑት ወራሪዎቹ ካርጎች ናቸው። ደራሲዋ ይህን ጮኸው አይናገሩም፣ በመንገድ ላይ እንደሚታይ ተራ ነገር አንድ ቦታ ጣል አድርገው ያልፋሉ። በ1968 ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። የመጽሐፉ ሽፋኖች ለረጅም ዘመን ጌድን ነጭ አድርገው ሥለውታል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በቴሌቪዥን ሲቀርብም ነጭ ተዋናይ ተሰጠው፣ ለጊንም ቅሬታቸውን በይፋ ጻፉ። የእኔ ቅጂ ሽፋን ላይ ያለው ልጅም ገርጥቶ የተሣለ ነው። ልጅቷ ስለ ቬች መልክ የሚናገረውን መስመር ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

መጽሐፉ ዐሥር ምዕራፎች አሉት፣ ከሁለት መቶ ገጽ ብዙም አያልፍም። ታሪኩ ከዐሥራ ሁለት ዓመት ጀምሮ ላለ ልጅ ይሆናል፤ እንግሊዝኛው ግን የጥንት ዜማ ያለው፣ ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ስለሆነ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ብቻውን ከሚታገለው አንድ ትልቅ ሰው አጠገቡ ቢኖር ይመረጣል። ድምፅን ከፍ አድርጎ ሲነበብ ከዓይን ንባብ ይበልጥ ያምራል፤ የተጻፈው ለጆሮ ይመስላል። ለትርጉም የሚነሣ ሰው ካለ አንድ ልመና አለኝ፦ «ጠንቋይ» የሚለውን ቃል አይጠቀም። በእኛ ቋንቋ ጠንቋይ ገንዘብ ተቀባይና አሳሳች ነው፤ «ጠቢብ» እና «ሊቀ ጠበብት» የሚሉት ቃላት ግን እነ ኦጊዮንን ለመሸከም የተሠሩ ያህል ይስማማሉ። ለጊን እ.ኤ.አ. በጥር 2018 በ88 ዓመታቸው ዐርፈዋል፤ የኧርዝሲ ታሪክ ግን በዚህ አንድ መጽሐፍ አያበቃም፣ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣ ሲሆን ዋና ገጸ ባሕርይዋ ልጃገረድ ናት።

የመጨረሻውን ምዕራፍ ያነበብነው ጳጉሜን ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ በወጣችበት ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ፣ የጅማ በርጩማችን ላይ ተቀምጠን ነው። የጌድና የቬች ጀልባ የሚሄደው ካርታዬ ላይ በተቀደደው ጥግ በኩል ነበር፤ ከመጨረሻዋ ደሴት አልፎ፣ መሬት ወደሌለበት ባሕር። ስንጨርስ ልጅቷ ምንም ሳትል ከደብተሯ አንድ ቁራጭ ወረቀት ቀደደችና በተቀደደው ጥግ ላይ በሙጫ አጣበቀችው፤ መጽሐፉ ውስጥ የተጠቀሱትን የምሥራቅ ደሴቶች ከነስማቸው በእርሳስ ሣለች፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ነጭ ተወችው። አሁን ሁለተኛውን መጽሐፍ እየፈለግን ነው። ጅማ ውስጥ ቅጂው ያለውና ለአንድ ወር ሊያውሰን የሚወድ ሰው ቢገኝ፣ እኛም የመጀመሪያውን ካርታው ከተጠገነው ጋር በደስታ እናውሰዋለን።